አዲስ አበባ ውስጥ ሳትከፍሉ ቁጭ ብላችሁ የምታነቡት የት ነው?

የማርቆሷ ልጅ (ክሩን የከፈተች)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የማስተርስ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመጣሁት ከደብረ ማርቆስ ነው። አዲስ አበባ ከገባሁ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ሆኖኛል። ኮርስ ጨርሻለሁ፤ የቀረኝ ቴሲስ ነው። ርዕሴ የአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ መንገድ ታሪክ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የተመላለስኩበት የዓባይ በረሃ መንገድ።

ኮርስ እያለ ቀኑን የሚመራልኝ የክፍል ፕሮግራም ነበር። ቴሲስ ላይ ሲደረስ ግን የሚጠራኝ የለም። ጠዋት እነሣለሁ፣ ላፕቶፔን ቦርሳ ውስጥ እከታለሁ፣ ከዚያ በሩ ላይ ቆሜ አስባለሁ። ዛሬ የት ልቀመጥ?

ቤት እንዳልል የምኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን አንዲት ሰርቪስ ክፍል ተከራይቼ ነው። አልጋ፣ ሻንጣ፣ ምድጃ፤ በቃ። ጠረጴዛ አይገባም። ግቢው ውስጥ አምስት ተከራዮች አለን፤ ቆጣሪው ግን አንድ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ መብራቴ ከበራ፣ ጠዋት አከራዬ "ልጄ፣ ሌሊቱን ሙሉ ምን ስትሠሪ ነው የምታድሪው?" ይሉኛል። ክፉ ሴት አይደሉም። የመብራት ሒሳብ ሲመጣ ግን ሁሉም ዞሮ የሚያየው የእኔን አምፖል ነው።

የምማርበት ግቢ ላይብረሪ ጥሩ ነው። ፈተና ሲደርስ ግን የዲግሪ ተማሪዎች ገና ሳይነጋ ወንበር ይይዛሉ። ደብተር አስቀምጠው ለጓደኛቸውም ይይዛሉ። አልፈርድባቸውም፣ እኔም በጊዜዬ እንደዚያው ነበርኩ።

ካፌ ልቀመጥ ካልኩ አንድ ማኪያቶ 60 ብር ነው። አንድ ሰዓት ያህል ማንም አይናገረኝም። ከዚያ አስተናጋጇ መጥታ ጠረጴዛውን ትጠርጋለች፤ ምንም ያልፈሰሰበትን ጠረጴዛ። ቀጥላ ስትመጣ "ምን ልጨምር?" ትላለች። በሦስተኛው ሜኑውን አምጥታ ክርኔ አጠገብ ታስቀምጣለች። ያን ጊዜ ያነበብኩት ዓረፍተ ነገር ሁሉ ከጭንቅላቴ ይጠፋል።

ባለፈው ረቡዕ የሆነውን ልንገራችሁ። የትብብር ደብዳቤ ይዤ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። መዝገብ ቤት ተቀብለው ቁጥር ሰጡልኝ። "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ጠብቂ" ተባልኩ። ኮሪደሩ ላይ፣ መስኮቱ ሥር፣ ረጅም የእንጨት አግዳሚ አለ። ብርሃን ይገባል። ፀጥ ያለ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ተቀመጥኩ። ኃላፊው አልመጡም። እኔ ግን ሁለት አርቲክል ጨረስኩ። የመዝገብ ቤቷ እትዬ በወረቀት ጠቅልለው ቆሎ ሰጡኝ። "ነገ ነይ" ስባል ደስ አለኝ! በር ላይ ስደርስ ነው የደነገጥኩት። ይህን በሚያህል ከተማ ውስጥ ማንም ምን ፈልገሽ ነው ሳይለኝ ያነበብኩበት ቦታ የመሥሪያ ቤት ኮሪደር ነው ማለት ነው?

ጥያቄዬ ከልብ ነው። እናንተ የት ነው የምትቀመጡት? ሰፈሩንና ሰዓቱን ንገሩኝ።

---

ባለ ቦርሳው

አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አልሄድሽም እንዴ? አራት ኪሎ፣ ፓርላማው አካባቢ። ታኅሣሥ 2014 ከተከፈተ ጀምሮ ደንበኛ ነኝ። መግቢያ ነጻ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ድረሺ። ከፈረንሳይ በታክሲ ስድስት ኪሎ ውረጂና ቁልቁል በእግርሽ ነው። ሃያ አምስት ደቂቃ ቢፈጅብሽ ነው።

---

የማርቆሷ ልጅ

አመሰግናለሁ ወንድሜ። አንድ ጊዜ ከጓደኛዬ ጋር ለማየት ብቻ ገብቼ ነበር። ሕንፃው ሲታይ አንዳች የሚከፈልበት ቦታ መስሎኝ ሳልቀመጥ ወጣሁ። አሁን እሄዳለሁ።

---

ጽድ ሥር

እኔ ያነበብኩት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። ማስተርሴን ስሠራ ከስድስት ኪሎ ቅዱስ ማርቆስ አልጠፋም ነበር። ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ግቢው ጭር ይላል። ከዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ ነጠላዬን አንጥፌ ቁጭ እላለሁ። ከጎኔ አንዲት እናት ዳዊት ይደግማሉ፣ እኔ ስታትስቲክስ አነባለሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ሰው ተነሥ አላለኝም። ፈተና የደረሰ ሰሞን ደግሞ ከየዛፉ ሥር ተማሪ ታያለሽ። ሶኬት የለም። በወረቀት አሳትመሽ ሂጂ። ዝናብ ሲመጣ ደጀ ሰላሙ አለ።

---

ሰባተኛ በር

@ጽድ ሥር የኔም ያው ነው፣ ቦታው ብቻ ሌላ ነው። መርካቶ ነው ያደግኩት። አንዋር መስጊድ ዙህር ሰግጄ እስከ አስር እቆያለሁ። ምሰሶ ተደግፌ። ውጭ ያ ሁሉ የመርካቶ ጩኸት፣ ተሸካሚው፣ መኪናው። ከገባሽ በኋላ ግን ሌላ ዓለም ነው። ፕሮፖዛሌን አርሜ የጨረስኩት እዚያ ምንጣፍ ላይ ነው። አንድ ሽማግሌ ሁልጊዜ እያዩኝ "ምንድን ነው የምታነበው?" ይሉኛል። ሳስረዳቸው በጥሞና ይሰማሉ። ከዚያ ዱዓ ያደርጉልኛል። ስለ አፈር መሸርሸር ነው የማጠናው። አድቫይዘሬ እንኳ እንደሳቸው ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም።

---

ሰላማዊት ነኝ አላልኩም

ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል። ግን አንድ ነገር ልበል። ለሴት ቦታ ማለት ወንበር ብቻ አይደለም።

ኮሪደር ልማቱ ካመጣው ነገር አግዳሚ ወንበሩን እወደዋለሁ። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ስትሄዱ አሁን ደክሟችሁ የምታርፉበት አለ፣ መብራት አለ፣ እግረኛ መንገዱ ሰፊ ነው። በፊት የሰው ሱቅ ደረጃ ላይ ነበር የምናርፈው። ግን ብቻዬን መጽሐፍ ይዤ ቁጭ ስል በአስር ደቂቃ ውስጥ አንዱ ይመጣል። "ቆንጆ፣ ምን እያነበብሽ ነው?" ይላል። ዝም ስለው "ኮራሽ?" ይላል። ተነሥቼ እሄዳለሁ። ወንበሩ ነጻ ነው፣ ለከፋው ግን ያስነሣኛል።

ሌላው ሽንት ቤት ነው። ይህን ማንም አይጽፈውም። ቀኑን ሙሉ ውጭ የምትውል ሴት ተማሪ ውኃ አትጠጣም። እኔ ውኃ ሳልጠጣ የዋልኩበትን ቀን ብዛት አላውቀውም፤ ኩላሊቴን አሞኝ ሐኪም ዘንድ እስክሄድ ድረስ። ቦታ ስትጠቁሟት ሽንት ቤቱ ክፍት ነው ወይ የሚለውን አብራችሁ ንገሯት።

---

የማርቆሷ ልጅ

እህቴ፣ ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ። ውኃ አለመጠጣቱን እኔ ብቻ የማደርገው ይመስለኝ ነበር። ጠዋት አንድ ብርጭቆ ጠጥቼ ማታ ቤቴ እስክገባ እቆያለሁ። እውነትሽን ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ ስለ እያንዳንዱ ቦታ ይህንንም እጽፋለሁ።

---

ዋት ቆጣሪ

ስለ አምፖሉ ልናገር፣ ሙያዬ ነውና። ያንቺ አምፖል ኤልኢዲ ከሆነ 9 ዋት ገደማ ነው። በቀን 5 ሰዓት አብሪው እንበል። በወር 1.35 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ነው። ባለ 1,500 ዋት ምድጃ ይህንኑ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላው ይፈጀዋል። ስለዚህ ሒሳቡን ከፍ የሚያደርገው ምድጃና የእንጀራ ምጣድ ነው። ግቢው ውስጥ ምጣድ አለ? ካለ መልሱ እሱ ጋ ነው። ይህን ለአከራይሽ በወረቀት ጽፈሽ በትሕትና አሳያቸው። አምፖልሽ የድሮው ባለ ክር ከሆነ ግን ቀይሪው፤ እሱ 60 ዋት ይበላል።

---

ውል ያለው

የቤት ኪራይ አዋጁንም አንብቢ እህቴ። ቁጥር 1320/2016 ነው። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፤ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ነው። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ብዙ ተማሪ ይህን ሳያውቅ በደላላ ቃል ብቻ ገብቶ በሦስተኛው ወር ጨምሪ ይባላል።

---

ባለ ካፌ ነኝ

ክሩን ልጄ ናት ያሳየችኝ። ስልክ ላይ ብዙ ስለማልጽፍ ስሕተት ካለ ይቅርታ።

አምስት ኪሎ አካባቢ ትንሽ ካፌ አለችኝ። ስምንት ጠረጴዛ ናት። ልጄ፣ ሜኑ አምጥታ ክርንሽ አጠገብ ስለምታስቀምጠው አስተናጋጅ ስትጽፊ እኔ ቤት ያለችው ልጅ መሰለችኝ። እንደዚያ እንድታደርግ የነገርኳት እኔ ነኝና። ልዋሽሽ አልፈልግም።

ከእኔ በኩል ያለውን ላስረዳሽ። የእኔ ቀን ማለት ከ6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ነው። የቢሮ ሰዎች ለምሳ ይመጣሉ። ረቡዕና ዓርብ በያይነቱ፣ ሌላ ቀን ፓስታና ጥብስ ፍርፍር ይወጣል። በዚያ ሁለት ሰዓት ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ሦስት ጊዜ ይሞላል። አንድ ተማሪ በላፕቶፕ ከያዘው ሦስቱም ዙር ቀረ ማለት ነው። የቤት ኪራዩን የምከፍለው ከዚያ ነው። ጠዋትም ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ቁርስ አለ።

ከ8 ሰዓት ተኩል በኋላ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ባዶ ነው። እስከ 11 ሰዓት ድረስ ዝንብ ነው የማየው። ያን ጊዜ አንድ ሻይ ይዞ ሦስት ሰዓት የሚቀመጥ ተማሪ ቢመጣ ደስ ይለኛል። ሰው ያለበት ቤት ሰው ይጠራል። አላፊው ባዶ ቤት ካየ አይገባም።

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ተማሪውም ጠይቆኝ አያውቅም። እሱ ተደብቆ ይቀመጣል፣ እኛ ጠረጴዛ እየጠረግን እናስነሣለን። ብትጠይቁን እኮ እንነግራችኋለን። ሽንት ቤት አለን፤ ቁልፉ ካሸሯ ጋ ነው። ለሴት ልጅ መጀመሪያ ነው የምትሰጠው።

---

የማርቆሷ ልጅ

ጋሼ፣ እንዲህ ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። ተቀያይመን ነው ለካ የኖርነው። ከ8 ሰዓት ተኩል በኋላ ያሉትን በደብተሬ ጽፌዋለሁ።

---

መደርደሪያ

ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው የምሠራው። የታሪክ ተማሪ ሆነሽ ወመዘክርን ሳትጠቅሺ ማለፍሽ ገርሞኛል! ስሙ "ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር" ነበር፤ ሕዝቡ መጨረሻውን ብቻ ይዞ ቀረ፣ "ወ"ዋ ራሷ ሳትቀር። በ1936 የተቋቋመ ነው። አገር ውስጥ የሚታተም ነገር ቅጂው እዚያ እንዲገባ ሕግ አለ። የመንገድ ታሪክ ከሆነ የምትሠሪው የድሮ አዲስ ዘመን ጥራዞችን ጠይቂ። ጋዜጣው ከ1933 ጀምሮ ነው። ድልድይ ተመረቀ፣ መንገድ ተቆረጠ፣ አውቶቡስ ተገለበጠ የሚለውን ሁሉ እዚያ ታገኛለሽ።

አንድ ምክር። ጥራዙን ስትቀበዪ በሁለት እጅሽ ከሥሩ ያዢ። ገጹን በጣትሽ አርጥበሽ አትግለጪ። ወረቀቱ ብስኩት ነው፤ ከጫፉ ይረግፋል። ሥራውን የሚያውቅ ተማሪ ሲመጣ እኛ ከአያያዙ ነው የምንለየው። ለእንደዚያ ዓይነቱ ሁለተኛውን ጥራዝ ሳይጠይቅ ነው የምናመጣለት።

---

ሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ ዲሲ ነው የተማርኩት። ማታ ፓርኪንግ እሠራ ነበር። የገንዘብ መቀበያዋ ክፍል ውስጥ በትንሽ ማሞቂያ እግሬን እያሞቅሁ አነባለሁ። መኪና ሲመጣ መጽሐፉን እገለብጣለሁ፣ ሲሄድ መልሼ አነሣለሁ። ከእኛ ሰው ስንቱ በዚያች ክፍል ውስጥ ዲግሪ ይዟል።

ቀን ደግሞ መሀል ከተማ ማርቲን ሉተር ኪንግ ቤተ መጻሕፍት እሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 የተከፈተ ነው፤ ታድሶ በ2020 እንደገና ሥራ ጀምሯል። ማንም ሰው ይገባል። ቤት የሌለው ሰው ከጎኔ ጋዜጣ ያነባል፣ እኔ አሳይመንቴን እሠራለሁ። የምንከፍለው የለም። መጀመሪያ የገባሁ ቀን ጠባቂውን በእጄ ምልክት "ልግባ?" ብዬ ጠየቅሁት። ለምን እንደምጠይቀው አልገባውም። ያቺ ቀን እስከ ዛሬ አትረሳኝም። የከተማው መሥሪያ ቤቶችም እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ ምክንያት ዋና ዋና ቅጾቻቸውን በአማርኛም ያዘጋጃሉ። በማላውቀው አገር ወረቀት ላይ "ስም" የሚለውን በፊደላችን ሳየው ልቤ ተነካ።

የማርቆሷ ልጅ፣ አብርሆት የሚከፈልበት መስሎሽ ሳትቀመጪ የወጣሽው ነገር ነው ይህን ያስጻፈኝ። ግቢ። ያንቺ ነው።

---

የማርቆሷ ልጅ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ቃል ገብቼ ስለነበር ተመልሻለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እናንተ ያላችሁትን ሁሉ ሞከርኩ።

አብርሆት አራት ቀን ሄጃለሁ። ጠዋት ስደርስ ወንበር አገኛለሁ። ሽንት ቤት አለ። ከፊቴ አንድ የ12ኛ ክፍል ልጅ ይቀመጥ ነበር፤ ሒሳብ ሲሠራ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። በሁለተኛው ቀን እርሳሱ አለቀበትና አዋስኩት። በሦስተኛው ቀን ለእኔ ቦታ ይዞልኝ ጠበቀኝ።

ወመዘክርም ሄድኩ። @መደርደሪያ፣ በሁለት እጄ ከሥሩ ነው የያዝኩት። እውነትም ሁለተኛውን ጥራዝ ሳልጠይቅ አመጡልኝ። ስለ ዓባይ በረሃ መንገድ አንዲት አጭር ዜና አገኘሁ። በስልክ ፎቶ ከማንሣቴ በፊት በእጄ ገልብጬ ጻፍኳት። አባቴ ዘንድ ደውዬ አነበብኩለት። እሱም "ያን ጊዜ እኮ አያትሽ ከገበያ ሲመለሱ እዚያ ጋ ነበር የሚያድሩት" ብሎ የማላውቀውን ታሪክ አወጋኝ። ቴሲሴ ውስጥ የቃል ምስክር ምዕራፍ ይኖረዋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። አሁን አባቴን ለመቅዳት ለበዓል እወርዳለሁ።

ስድስት ኪሎም ኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ፊት ለፊት ካለው ደረጃ አጠገብ ቁጭ ብያለሁ። ታውቁታላችሁ አይደል? ጣልያን ሙሶሎኒ ሥልጣን የያዘበትን ዓመታት እየቆጠረ ያቆመው፣ የትም የማያደርስ ደረጃ። ጫፉ ላይ አሁን የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። በሩ ላይ ወጥታችሁ ትንሽ ብትራመዱ ደግሞ የየካቲት 12 ሐውልት አለ። በየቀኑ በታክሲ ሳልፈው የኖርኩት ነገር ነው። ተቀምጬ ሳየው ግን ሌላ ነው። የታሪክ ተማሪ ሆኜ ሐውልቱ ላይ የተቀረጹትን ሰዎች ፊት አንድ በአንድ ያየሁት በዚህ ሳምንት ነው። አንዷ ሴት ላይ ብዙ ቆየሁ።

@ዋት ቆጣሪ፣ ስሌቱን ለአከራዬ አሳየኋቸው። ወረቀቱን መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ምጣዱ የራሳቸው ነው። ለጊዜው ምንም አላሉም። ማታ 3 ሰዓት ላይ በሬን አንኳኩ። ከጓዳቸው አንዲት አነስተኛ ጠረጴዛ አውጥተው ይዘዋል፣ የልጃቸው የነበረች፤ ልጃቸው አሁን ዱባይ ናት። "አልጋውን ወደ ግድግዳው ብታስጠጊው ትገባለች" አሉኝ። አስጠጋነው። ገባች። እግሬን ወደ ጎን አድርጌ ነው የምቀመጠው፣ ግን ገባች። ይህን የምጽፍላችሁ እሷ ላይ ሆኜ ነው። ሰዓቱ ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው።

ካፌውን ግን አልሄድኩም። አፈርኩ ጋሼ።

---

ሰላማዊት ነኝ አላልኩም

ጠረጴዛዋን ሳነብ ጮህኩ! ውኃስ?

---

የማርቆሷ ልጅ

እየጠጣሁ ነው። ግማሽ ሊትር ኮዳ ይዤ እወጣለሁ። አብርሆት ስውል ትጨረሳለች፤ ወመዘክር ስሄድ ቦርሳዬን ውጭ ስለማስቀምጥ በዕረፍት ሰዓት እጠጣለሁ።

---

ባለ ካፌ ነኝ

ልጄ፣ የሚያሳፍር ነገር የለም። ከጻፍኩ በኋላ ሦስት ተማሪዎች መጥተው "ከ8 ሰዓት ተኩል በኋላ መቀመጥ ይቻላል?" ብለው ጠየቁኝ። አንቺ ትሆኚ እያልኩ አያቸዋለሁ። ግድግዳው ዳር ባለ አራት ቀዳዳ ማከፋፈያ አስገብቻለሁ፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ባለፈው ሐሙስ ጨርሶ ሄደ። አስተናጋጇም የቁርስና የምሳ ሰዓት ካልሆነ በቀር ጠረጴዛ እንዳትጠርግ ነግሬያታለሁ። በአምስት ኪሎ ከሙዚየሙ ወጥተሽ ወደ ቀኝ ስትታጠፊ አረንጓዴ በር ያለው ነው።

---

የማርቆሷ ልጅ

ጋሼ፣ ነገ ዓርብ ነው፣ በያይነቱ አለ። የምሳው ሰው ሲወጣ እመጣለሁ። ጠጉሬ ሹሩባ ነው፣ ሰማያዊ ቦርሳ ይዣለሁ። መጀመሪያ እበላለሁ፣ ከዚያ ግድግዳው ዳር ልቀመጥ።